ስቶክ ፎቶ ከድሬዳዋና ከሐረር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ካሜራ ይዘው ለሚሠሩ ነው። ከሠርግና ከምረቃ ሥራ ጎን ስቶክ ፎቶ ልሽጥ ብላችሁ የምታስቡ፣ ወይም ጀምራችሁ ገቢው ለምን እንዲህ ቀጠነ ብላችሁ ግራ የገባችሁ አንብቡት። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሳንቲም» ስንልም የዶላሩን ነው፤ የብሩ ሳንቲም ከኪሳችን ከጠፋ ቆይቷል።

ስቶክ ፎቶ ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ስቶክ ፎቶ ማለት አስቀድሞ ተነስቶ በኤጀንሲ ድረ ገጽ ላይ ለፈለገው ገዢ ሁሉ የሚቀርብ ፎቶ ነው። የሚሸጠውም የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፎቶው የእናንተ እንደሆነ ይቀራል፤ ያንኑ ምስል ዛሬ ናይሮቢ ያለ ባንክ፣ ነገ በርሊን ያለ መጽሔት ሊወስደው ይችላል። «ሮያሊቲ ፍሪ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በነፃ ማለት ሳይሆን፣ ገዢው አንዴ ከፍሎ ደጋግሞ ይጠቀምበታል ማለት ነው። የድሮው «ራይትስ ማኔጅድ» ግን ለስንት ቅጂ፣ ለስንት ወር፣ በየትኛው አገር እየተባለ በየአጠቃቀሙ ይተመን ነበር። ከትልልቆቹ የፎቶ ኤጀንሲዎች አንዱ የሆነው ጌቲ ኢሜጅስ ይህን አሠራር ለማስታወቂያ በሚያቀርባቸው ምስሎቹ ላይ በ2020 አቁሞታል።

ዋጋው እንዲህ የወረደው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ የመጣ ነው።

በ1990ዎቹ ኤጀንሲ ማለት ስላይድ በመሳቢያ ደርድሮ የሚያስቀምጥ ድርጅት ነበር። አንድ ፈቃድ በመቶዎች ዶላር ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ፎቶግራፈሩም ከሽያጩ ግማሽ ገደማ ይወስድ ነበር። ዋጋውን ደግፎ ያቆየው የመግቢያው ጥበት ነው። ፊልም ውድ ነው፣ ፖስታ ይዘገያል፣ መራጩ ደግሞ ከመቶ ስላይድ አምስቱን ቢቀበል ነው።

በ2000 አይስቶክፎቶ ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ ተከፈተ። ዲዛይነሮች ፎቶ የሚለዋወጡበት ሆኖ ጀምሮ በኋላ በሳንቲምና በጥቂት ዶላር ወደ መሸጥ ዞረ። በ2003 ጆን ኦሪንገር ሸተርስቶክን ራሱ ባነሳቸው 30,000 ያህል ፎቶዎች ከፈተና ወርሃዊ ክፍያን አመጣ። ነገሩን ከሥሩ የለወጠው ይህ ወርሃዊ ክፍያ ነው። አንድ ደንበኛ በወር 200 ዶላር ከፍሎ 750 ምስል ድረስ ማውረድ ይፈቀድለታል እንበል። ሁሉንም ካወረደ የአንዱ ምስል ዋጋ 27 ሳንቲም አይሞላም። የእናንተ ድርሻ 15 በመቶ ከሆነ ደግሞ 4 ሳንቲም ናት። ፎቶው ተራም ይሁን ሦስት ቀን የተደከመበት፣ ሒሳቡ አይለየውም።

ከዚያ ትልልቆቹ ትንንሾቹን መግዛት ጀመሩ። ጌቲ አይስቶክን በ2006 በ50 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አዶቤ ፎቶሊያን በ800 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ በ2015 አዶቤ ስቶክን ከፈተ፤ ፎቶ ሽያጩም ፎቶሾፕ ውስጥ ገባ። በ2013 የተጀመረው አንስፕላሽ ምስሎችን ጭራሽ በነፃ አደለ፤ በ2021 እሱንም ጌቲ ገዛው። በጥር 2025 ደግሞ ጌቲና ሸተርስቶክ ሊዋሐዱ እንደተስማሙ አስታወቁ። ገዢዎቻችን ሲያንሱ የመደራደር አቅማችንም አብሮ ያንሳል። በዚያ ላይ ስልክ የያዘ ሁሉ አቅራቢ ሆነና በየድርጅቱ ቋት ውስጥ ያለው ምስል በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል።

ታዲያ ዛሬ ከአንድ ዳውንሎድ ስንት ይደርሰኛል?

አዶቤ ስቶክ ለፎቶ 33 በመቶ፣ ለቪዲዮ 35 በመቶ ይከፍላል። በወርሃዊ ደንበኝነት ለሚወርድ ፎቶ ዝቅተኛው 33 ሳንቲም ነው። አይስቶክ ከእሱ ውጪም ለሚሸጥ አቅራቢ ለፎቶ 15 በመቶ ይሰጣል። ሸተርስቶክ ከሰኔ 2020 ጀምሮ ከ15 እስከ 40 በመቶ በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ ወለሉ 10 ሳንቲም ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚያየው ይህን ወለል ነው።

በተግባር ሲታይ፣ 25 ዶላር ለመሙላት በ33 ሳንቲም 76 ዳውንሎድ ይበቃል፤ በ10 ሳንቲም ግን 250 ያስፈልጋል።

ገቢዬ በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ለምን ያሽቆለቁላል?

የሸተርስቶክ ደረጃ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ወደ አንድ ስለሚመለስ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ፣ ገና ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። ደረጃ አንድ እስከ 100 ዳውንሎድ 15 በመቶ፣ ሁለት እስከ 250 ድረስ 20 በመቶ፣ ሦስት እስከ 500 ድረስ 25 በመቶ፣ አራት እስከ 2,500 ድረስ 30 በመቶ ነው። 40 በመቶ የሚደርሰው ከ25,000 በላይ ያስወረደ ብቻ ነው። ትንሽ ስብስብ ያለው ሰው 25 በመቶ ላይ ሲደርስ ዓመቱ ያልቅበታል። መፍትሔ የለውም። አዲስ ፎቶ አከማችቶ ለጃንዋሪ ማቆየትም አይረዳም፤ ደረጃውን የሚወስነው የወረደው እንጂ የተጫነው ብዛት አይደለም።

ከከፊል ሽያጬ ላይ 30 በመቶ የተቆረጠው ምንድን ነው?

የአሜሪካ ግብር ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው ከአሜሪካ ገዢ የሚመጣ ሮያሊቲ 30 በመቶ ይቀነስበታል። ከሌላ አገር ገዢ የመጣው ላይ ይህ ቅነሳ የለም። ሲመዘገቡ የአሜሪካ ሰው አለመሆንን የሚያሳውቀውን፣ ደብልዩ 8 ቤን የሚባለውን ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። ቅጹ ያልተሞላለት ሰው ከዚህ የባሰ ይቆረጥበታል ወይም ክፍያው ይያዝበታል። 33ቱ ሳንቲም ከቅነሳ በኋላ 23 ትሆናለች፤ ሒሳብ ስትሠሩ በዚህኛው ሥሩ።

ገንዘቡ እጄ የሚገባው እንዴት ነው?

መቶ ፎቶ ከመጫናችሁ በፊት የክፍያ ገጹን ክፈቱና አገራችሁ በየትኛው መንገድ እንደተዘረዘረች እዩ። ፔይፓል፣ ፔዮኒርና ስክሪል በየድርጅቱ ይለያያሉ፤ ደንባቸውም ይቀያየራል። መላክ ብቻ የሚፈቅድ አካውንት ከፍቶ ገንዘብ መቀበል ሲያቅተው የሚደነግጥ ብዙ ነው። አዶቤ ቢያንስ 25 ዶላር ሲሞላና ከመጀመሪያው ሽያጭ 45 ቀን ሲያልፍ ነው ማውጣት የሚፈቅደው። ሌላው ኤጀንሲ አላሚ 50 ዶላር ይጠብቃል።

እዚህ አካባቢ ክፍያ የሚያስይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም ነው። መሐመድን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉበት መንገድ አራትና አምስት ነው፤ አብዱረህማንማ ከዚያም ይበልጣል። በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በባንክ ደብተሩ ሌላ፣ በኤጀንሲው ሦስተኛ ዓይነት ከተጻፈ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቆማል። ሁሉንም ቦታ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል፣ የአያት ስም ሳይቀር አንድ አድርጉ። ይህ ከመጀመሪያው ቀን የሚሠራ ሥራ ነው፤ 60 ዶላር ከተጠራቀመ በኋላ ስም ማስተካከል ሳምንታት ይፈጃል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ መቶን አልፏል። በብር ሲቆጠር ያው 10 ሳንቲም ከእጥፍ በላይ ሆነች። ደስ ይላል፣ ሌንስና ሚሞሪ ካርድ የምንገዛውም በዚያው ዶላር መሆኑን እስክናስታውስ ድረስ።

ኤአይ ምስል እየፈጠረ አሁን መጀመር ዋጋ አለው?

ምን እንደምታነሱ ይወስነዋል። ከ2022 ወዲህ ዳሊ፣ ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊውዥን መጀመሪያ የነጠቁት አጠቃላዩን ሥራ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ያለ እጅ፣ ፈገግ ያለ ቤተሰብ፣ የምትጠልቅ ጀንበር፣ ነጭ ጠረጴዛ ላይ ያለ የቡና ስኒ። ገዢው ማንነቱን የማይጠይቅበትን ምስል ማሽን ይሠራለታል። እንዲህ ዓይነቱን ለማንሳት ከዛሬ ጀምሮ ቤንዚን ማቃጠል ኪሳራ ነው።

የቀረው ገዢው «ይህ እውነት የት፣ መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ጋዜጣ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የጉዞ ድርጅት፣ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት እውነተኛውን የሸዋ በር ይፈልጋል። ማሽኑን ሐረርን ሥራ ብትሉት የሞሮኮን መንገድ አምጥቶ ሊደቅን ይችላል።

ድርጅቶቹ ለኤአይ ያላቸው አቋም አንድ አይደለም። ጌቲ በመስከረም 2022 በኤአይ የተሠራ ምስል አልቀበልም አለ። አዶቤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ምልክት ተደርጎበት እንዲገባ ፈቀደ። አዶቤ ፋየርፍላይ የተባለውን የራሱን ምስል ፈጣሪ ለማሠልጠን ምስሎቻቸው ለዋሉ አቅራቢዎች በመስከረም 2023 ጉርሻ ከፍሏል። ሸተርስቶክም ምስል ለማሽን ማሠልጠኛ ሲሸጥ ለአቅራቢው ድርሻ የሚሰጥበት ቋት አለው፤ የማይፈልግ ሰው ደግሞ በአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ መዝጋት ይችላል። ክፈቱት ወይም ዝጉት አንልም፤ ግን መኖሩን ሳታውቁ ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ።

ከዚህ አካባቢ ምን ዓይነት ፎቶ ይፈለጋል?

መጀመሪያ የማይፈለገውን እንናገር። ሐረር ላይ ጅብ ሲመገብ የሚያሳይ ፎቶ ሞልቷል፤ የመጣ ቱሪስት ሁሉ አንስቶታል። በመኪና መብራት፣ በአይኤስኦ 3200፣ በ1/60 ተነስቶ ጠጠር የሞላው አንድ ተጨማሪ ጅብ ማንም አይገዛም። በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር፣ የጁገል፣ ባለቀለም ግድግዳ ባዶውንም እንዲሁ ነው።

ያነሰው የዕለት ኑሮው ነው። ቀፊራ ገበያ በሞባይል ገንዘብ የምትቀበል ነጋዴ፣ የባጃጅ ሹፌር ሲከፈለው፣ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የምታስረዳ ባለሙያ፣ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ፓነል የሚገጥም ልጅ፣ በደቻቱ አሸዋ ላይ ክረምት ሲገባ ጎርፍና በጋ ላይ ደረቁ። አንድ ቦታ ቆማችሁ ያንኑ ወንዝ በየካቲትና በነሐሴ ብታነሱት ስለ አየር ንብረት የሚጽፍ ሁሉ የሚፈልገው ጥንድ ይሆናል። ቆሞ የሚሸጥ ምስል ማለት ይህ ነው።

ቡናን በቅደም ተከተል አንሱት። የሐረር ቡና በደረቁ፣ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ለቀማው፣ አልጋው ላይ መሰጣቱ፣ ሲገላበጥ፣ ሲፈለፈል፣ ሴቶች ቁጭ ብለው በእጅ ሲለቅሙት፣ ጆንያው። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሰፊ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ በቅርብ፤ በአጠቃላይ ወደ 20 ምስል። ብቻውን የቆመ የቡና ፍሬ ፎቶ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ሙሉ ሰንሰለቱን በአንድ ቦታ የሚያገኝ ገዢ ግን ስድስት ሰባቱን አብሮ ያወርዳል።

ባቡር ይፈለጋል፤ ግን ሁለቱን አታምታቱ። ከተማዋን በ1902 የፈጠራት ፈረንሳዮች የሠሩት የድሮው ጠባብ ሐዲድና የከዚራው አሮጌ ጣቢያ አንድ ነገር ነው፤ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ነው። በአሮጌው ጣቢያ ፎቶ ሥር ስለ አዲሱ ባቡር የተጻፈ መግለጫ ብዙ አይተናል፤ የዜና ገዢ አንዴ ከተሳሳተበት ሁለተኛ አይመለስም።

ጫት በብዙ አገር የተከለከለ ነው፤ ብሪታንያም በ2014 ከልክላዋለች። ስለዚህ ለማስታወቂያ አይሆንም፤ ለዜና ግን ይወሰዳል።

ሰው ሳነሳ ፈቃድ ግዴታ ነው?

ሁለት መንገድ አለ። ለማስታወቂያ የሚሸጥ ምስል ላይ የሚታወቅ ሰው ካለ የተፈረመ የፈቃድ ቅጽ፣ ሞዴል ሪሊዝ የሚባለው፣ የግድ ነው። ኤዲቶሪያል ተብሎ ለዜናና ለትምህርት ብቻ ለሚሸጥ ኤጀንሲዎቹ ቅጽ አይጠይቁም። የኤጀንሲው ደንብና የአገራችን ሕግ ግን አንድ አይደሉም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎች፣ ለሕዝብ ጉዳይ፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል። «መንገድ ላይ ነው ያነሳሁት» የሚለው ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

ቅጹ ላይ የሚገቡት፦ የሰውየው ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ፊርማ፣ የተነሳበት ቀን፣ የእናንተ ስምና ፊርማ፣ የምስክር ስምና ፊርማ። ምስክሩ ፎቶ አንሺው ራሱ መሆን አይችልም፤ ቅጽ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ወላጅ ይፈርማል። ድርጅቱ የሚያነበው እንግሊዝኛውን ስለሆነ በአንድ ገጽ እንግሊዝኛውን፣ በጀርባው አማርኛውንና ኦሮምኛውን አትሙ፤ ሐረር ከሆነ ሐረሪውንም። ጮክ ብሎ አንብቦ ማስረዳት ያስፈልጋል። በተለይ «ፊቴ ምን ላይ ይወጣል?» ለሚለው እውነቱን ተናገሩ፤ የማታውቁት ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህን ሰምቶ እምቢ ያለ ሰው ትክክል ነው።

ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብሎ ቀርቦ መስማማት ይቻላል፤ ነውር የለውም። ጁገል ውስጥ ግን በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ማድረስ፣ ከሴቶቹ በፊት የቤቱን ትልቅ ሰው ማነጋገር ነገሩን ያቀለዋል። ካሜራው በዚያን ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የታተመ ፎቶ ይዞ መመለስ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉብኝት የሚከፈል ቀብድ ነው።

የጁገል ቤት ውስጥ፣ የድሮ ፔጆ፣ የልብስ ስፌት መኪናስ?

የግል ቤት ውስጥ ለማስታወቂያ ከተነሳ የባለቤቱ የንብረት ፈቃድ ቅጽ ያስፈልጋል። ቀይ የተቀባው ነደባ (መቀመጫ መደቡ) እና ግድግዳ ላይ የተደረደረው የእጅ ሥራ ስፌት ሰፋ ብሎ ከገባ የቤቱ ቅጽ ይበቃል። አንድ ስፌት ብቻውን ምስሉን ከሞላው ግን የሠራችውንም ሴት አስፈርሙ። የጁገል ግንብና በሮቹ ከውጭ ሲታዩ፣ በ2006 በዩኔስኮ መመዝገባቸው ብቻውን ቅጽ አያስጠይቅም።

መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ስታነሱ ዓይናችሁ እጁና ጨርቁ ላይ ነው፤ የመራጩ ዓይን ግን ስፌት መኪናው ጎን ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ስም ላይ ያርፋል። ለማስታወቂያ ከሆነ ያ ጽሑፍ በፎቶሾፕ ይጥፋ፤ ከኋላው ያለው የለስላሳ ማስታወቂያና የልጁ የእግር ኳስ ማሊያም እንዲሁ። ፔጆ 404 ታክሲ ከሆነ የአንበሳ ምልክቱና የታርጋ ቁጥሩ ይነሳ፤ መኪናው ራሱ ዋናው ርዕስ ከሆነ ግን ወደ ኤዲቶሪያል አስገቡት። ኤዲቶሪያል ላይ ደግሞ ምንም ነገር ማጥፋት አይፈቀድም፤ አንዲት የመብራት ሽቦ እንኳ። መቁረጥና ብርሃን ማስተካከል ብቻ።

ፎቶዬ በተደጋጋሚ «በቴክኒክ ጉድለት» ይመለሳል። ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ አንደኛው አቧራ ነው። ሌንስ ስትቀይሩ ሴንሰር ላይ ያረፈ ብናኝ በኤፍ 4 አይታይም፤ በኤፍ 16 ሰማይ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ለመፈተሽ ጥርት ያለ ሰማይ በኤፍ 16 አንሱና በኮምፒውተር በ100 ፐርሰንት ከጥግ እስከ ጥግ እዩ። ካሜራውን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በጎማ መንፊያ ንፉ። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል፤ ከአቧራው የባሰ ነው። ሌንስ ደቻቱ ዳር ነፋስ ላይ አይቀየርም፤ ባጃጅ ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከረፋዱ በኋላ ሐዲዱ ወይም አስፋልቱ ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩቅ ያለ ነገር ብታነሱ ፎከሱ ትክክል ሆኖም ምስሉ እንደ ውኃ ይለሰልሳል። ሌንሱን አትውቀሱት፤ ቅረቡ ወይም ማልዳችሁ አንሱ።

ሐረር ላይ ቀለም ነው። አረንጓዴ በተቀባ ጠባብ መንገድ የቆመ ሰው ፊቱ በግማሽ አረንጓዴ ይሆናል፤ ካሜራው በራሱ ሊያስተካክል ሲሞክር ደግሞ ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ግራጫ ካርድ አስይዛችሁ አንድ ናሙና ውሰዱ፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ ቆዳውን መነሻ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ግድግዳው እንደ ፈለገ ይሁን።

የቀረው የታወቀ ነው። ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል፣ ጄፔግ፣ ኤስአርጂቢ፤ ስለታም ለማድረግ ብዙ አትግፉት፤ ትንሽ ፋይል በሶፍትዌር አሳድጋችሁ አትላኩ።

በስልክ የተነሳ ይሸጣል?

በቀን ብርሃን፣ ያለ ዙም፣ አዎ። የማታውን ተዉት።

መግለጫና ቁልፍ ቃል እንዴት ይጻፍ?

በእንግሊዝኛ። የኤዲቶሪያል መግለጫ በሸተርስቶክ ከተማ፣ አገር፣ ከዚያ ወር፣ ቀን፣ ዓመት፣ ቀጥሎ ማን ምን እንደሚያደርግ ብሎ ይጀምራል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው በየጊዜው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተነሳን ፎቶ «2017» ብሎ ይጽፋል። ለገዢው ያ ፎቶ የሰባት ዓመት አሮጌ ነው፤ ሲፈልግም አይመጣለትም። ትክክሉ እንደ ቀኑ ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር 2024 ነው። የካሜራውን ሰዓትም ተመልከቱ። ከጠዋቱ 2 ሰዓትን 2:00 ብላችሁ ከሞላችሁ ፋይሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሳ ይላል፤ ፀሐይ ሞልቶ የሚታይበት ፎቶ።

ቁልፍ ቃል ሸተርስቶክ ከ7 እስከ 50፣ አዶቤ እስከ 49 ይቀበላል። አዶቤ ላይ የመጀመሪያዎቹ አሥር ይበልጥ ስለሚታዩ ዋናውን ከፊት አድርጉ። ሐረርና ጁገል በእንግሊዝኛ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላቸው፤ ሁሉንም አስገቡ። ያልታየ ነገር ግን አትጻፉ፤ ፍሬው ብቻ ላለበት ፎቶ «ስኒ» ማለት ፍለጋ ውስጥ ወደ ኋላ ያስቀራችኋል።

መግለጫውን በየድረ ገጹ ከመተየብ ላይትሩም ውስጥ ፋይሉ ላይ ጻፉት፤ ድርጅቶቹ ከዚያው ያነቡታል። 120 ፎቶ እያንዳንዱ 9 ሜጋባይት ቢሆን ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ከግማሽ እንዳይቋረጥ በአሥር አሥር፣ ሌሊት ጫኑ።

ድሮንስ?

ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አታስነሱ።

ለአካባቢው ድርጅት በቀጥታ ብሸጥ አይሻልም?

በአንድ ምስል ሲታሰብ በጣም ይሻላል። ለአንድ ቡና ላኪ ወይም ሆቴል በ50 ዶላር ዋጋ የተሰጠ ፈቃድ በ33 ሳንቲም ሲመነዘር 152 ዳውንሎድ፣ በ10 ሳንቲም 500 ዳውንሎድ ነው። ችግሩ ደንበኛው «ፎቶውን ገዛሁት» ብሎ ለዘላለም የእሱ መምሰሉ ነው። አንድ ገጽ ውል ጻፉ፦ የትኞቹ ምስሎች በቁጥራቸው፣ ምን ላይ እንደሚውሉ፣ ማሸጊያ፣ ድረ ገጽ ወይም ቢልቦርድ፣ ለስንት ጊዜ፣ ለሌላ ይሸጥ ወይስ ለእሱ ብቻ። ግማሹ ቀብድ ይከፈል። «ለእሱ ብቻ» ከተባለ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሁን፤ ምስሉም ከኤጀንሲዎቹ ይውጣ። እዚያ ትታችሁት ሌላ ቡና ላኪ ቢያወርደው ውል ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ፎቶዬ ያለ ፈቃድ ቴሌግራምና ባነር ላይ ወጣ። ምን ላድርግ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) ፎቶን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ባነሩን ደግሞ ከነአካባቢው አንሱ፤ ከዚያ የሮው ፋይላችሁን አዘጋጁ፤ እሱን ሌላ ሰው ሊያቀርብ አይችልም። ቀጥሎ ደብዳቤና ደረሰኝ አብራችሁ ላኩ፤ «ይህን ያህል ተጠቅማችኋል፣ ዋጋው ይህ ነው» የሚል። ብዙው በዚህ ያልቃል። ፌስቡክ ላይ መስደብ ግን ዋጋ የመጠየቅ ዕድላችሁን ያበላሻል።

ከቤተሰብ ፎቶ ቤት የቀረ ነጌቲቭ አለ። ይሸጣል?

ከዚህ ገጽ ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል። የከዚራ መንገድ፣ የድሮው ባቡር፣ የመጋላ ገበያ ከሠላሳ አርባ ዓመት በፊት ማንም ዳግም ሊያነሳው አይችልም፤ ማሽንም ሊመሰክርለት አይችልም። አላሚ ለታሪካዊ ምስል የጥራት ፍተሻው ላላ ያለ የተለየ መግቢያ አለው። 25 ዓመቱ ካለፈ የቅጂ መብቱ ስለሚያበቃ የምትሸጡት በእጃችሁ ያለውን ነጌቲቭና ጥሩ ስካኑን ነው፤ ቅጂ አታድሉ። የስቱዲዮ የፊት ፎቶዎች ግን የሰው አደራ ናቸው፤ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይወጡም።

35 ሚሊ ሜትር ፊልም በ4000 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 5,600 በ3,700 ፒክስል አካባቢ፣ ወደ 21 ሜጋፒክስል ይወጣዋል። ለስድስት በስድስት ሴንቲ ሜትሩ ፊልም 2400 ይበቃል። ነጌቲቩን በጫፉ ያዙ፣ የጥጥ ጓንት አድርጉ፣ በመንፊያ ብቻ አፅዱ፤ በውኃ ወይም በአልኮል መጥረግ የለም። ስካነሩ መስታወት ላይ በቀጥታ ከተነጠፈ ቀስተ ደመና የመሰሉ ክቦች ስለሚወጡ በመያዣው ውስጥ ይሁን። ሳጥኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ከሸተታችሁ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፤ የድሬ ሙቀት ያፋጥነዋል። እነዚያን ከሌሎቹ ለዩና መጀመሪያ እነሱን ስካን አድርጉ፤ ፊልሙ ከተኮማተረ በኋላ መያዣው ውስጥ ጠፍጥፎ አይቀመጥም።